ሞተሩ ትዕግሥተኛ ቤንዚን ፈለገ

ተረት ላምጣ፤ እናንተ ጆሮ አምጡ።

በጣና ላይ፣ በደቅ ደሴት፣ ገና ስም ያልወጣለት አንድ ሕፃን ነበር። ፍላጎቱ ትንሽ ናት፤ ወተት። ጡትን ቢለምነው፣ አራሷ ካልበላች ከየት ላምጣ አለው። የዝና የምትባለውን አራስ ቢለምኗት፣ እናቴ በእጇ ያልሠራችው ገንፎ አይወርድልኝም አለች። የመጀመሪያ ልጇ ነውና አይፈረድባትም።

እናቷ እትዬ እናኑ ያለችው ባሕር ዳር ነው። ይህን ብትሰማ ቅቤዋን አንጠልጥላ ወደ ሐይቁ ወረደችና ጀልባውን አሻግረኝ አለችው። ሕፃኑ ወተት ይላል፤ ጡት አራሷ ትብላ ይላል፤ አራሷ እናቴ ትምጣ ትላለች፤ እናት ጀልባ ያሻግረኝ ትላለች። ጀልባው ግን ሞተር ካልገፋኝ ንቅንቅ አልልም አለ። ቅምጥል ነው፤ መቀዘፍ አይወድም።

ከጀልባው ኋላ የተንጠለጠለውን ሞተር ለመነችው። ሞተሩ ኳ ኳ ብሎ ጠፋ። ለካ ባለጀልባው አንለይ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የገዛው ቤንዚን ላምባ ተቀላቅሎበታል። ሕፃኑ ወተት ይላል፤ ጡት አራሷ ትብላ ይላል፤ አራሷ እናቴ ትምጣ ትላለች፤ እናት ጀልባ ያሻግረኝ ትላለች፤ ጀልባ ሞተር ይግፋኝ ይላል፤ ሞተር ደህና ቤንዚን ስጡኝ ይላል።

አንለይ ደግሞ ሞተሩን የሚወድ ሰው ነው፤ የራሱን ፊት ሳይታጠብ የሞተሩን ይወለውላል። ላምባ ስላጠጣው አፍሮ፣ ከእንግዲህ ኦክቴኑ ከሁሉ የበለጠ ውድ ቤንዚን ካልሆነ አልሰጠውም ብሏል። ኦክቴን የሚሉት የቤንዚን ደረጃ ከፍ ሲል ሞተር የሚጎለብት ይመስለዋል። ያ ቤንዚን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሕፃኑ ወተት ይላል፤ ጡት አራሷ ትብላ ይላል፤ አራሷ እናቴ ትምጣ ትላለች፤ እናት ጀልባ ያሻግረኝ ትላለች፤ ጀልባ ሞተር ይግፋኝ ይላል፤ ሞተር ደህና ቤንዚን ስጡኝ ይላል፤ አንለይ ውዱ ይምጣ ይላል። እስከዚያ ሕፃኑ ምን ይሁን?

እትዬ እናኑ አልተቆጣችም። አንለይ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ ለአራስ የሚስማማት ገንፎ ነው። ጥሬ ሥጋና ጠጅ ብደግስላት ወተት ይሆናታል? ይሄን ሞተርህን ምን እንደሚስማማው ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

አንለይ ጠይቆት አያውቅም። እጁን ጫነበትና ቀስ ብሎ ጠየቀው።

«ኦክቴን ጉልበት አይደለም፣ ትዕግሥት ነው» አለ ሞተሩ። «ላምባ የገባበት ቤንዚን ተራውን ሳይጠብቅ ውስጤ ይነድና ያንኳኳኛል። እኔ ስሠራ የታሰበልኝ የማደያው ተራ ቤንዚን ነው። ንጹሕ ይሁን እንጂ እሱ ይበቃኛል።»

አንለይ ላምባ የነካውን ቀድቶ አወጣ፤ ከማደያ ተራውን ቤንዚን አምጥቶ ሞላ። ቤንዚኑ ሞተሩን ቀሰቀሰ፤ ሞተሩ ጀልባውን ገፋ፤ ጀልባው እናትን አሻገረ፤ እናት ገንፎውን ሠራች፤ አራሷ እናቷን አይታ እያለቀሰችም ቢሆን በላች፤ ጡት ወተት ሞላ፤ ሕፃኑም ጠባ፣ ጠባ፣ እዚያው እቅፏ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው።

ተረቴም እዚህ ላይ ዝም ትበል፤ ሕፃኑ እንዳይነቃ።