ከሉ ይቆይለት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ግጥም የተሰጠው። «የኔታ፣ ሐዘኔ ከለቀቀኝ ቅኔዬም አብሮ ይለቀኛል ብዬ ፈራሁ፤ ምን ይሻለኛል?» ብለህ ጠየቅኸኝ አይደል? እንግዲያ ተቀመጥና ስማ። መሀል ላይ እንዳታቋርጠኝ፤ ይህን ነገር ሳነሣ ደሜ ይፈላል።

ይህ ገበሬ ደቦ በተጠራ ቁጥር ከፊት የሚሰለፍ ነበረ። አረም ሲታረም፣ እህል ሲታጨድ፣ እሱ ካለ ሰው ድካሙን ይረሳል። ሚስቱን በግጥም ይነካካታል፣ እሷም ከማዶ ትመልስለታለች፣ ማሳው በሳቅ ይሞላል። በአንድ ቀን ሃያ ሠላሳ ግጥም ከአፉ ይወጣ ነበር። ታዲያ «ጨዋታ አዋቂ ነው» ይሉታል እንጂ ገጣሚ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም።

አንድ ክረምት ሚስቱና ሴት ልጁ ከገበያ ሲመለሱ ወንዝ ሞልቶ ወሰዳቸው። ሬሳቸው በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ገበሬው ከል ለበሰ፤ ያንን የሐዘን ጥቁር ልብስ አጠለቀ። ስድስት ወር ሙሉ አንዲት ስንኝ አልወጣችውም። ሲነጋ ለምን እንደነጋ ይገርመዋል። እህሉ አፈር አፈር ይለዋል። በሬዎቹን እንኳ የሚያሰማራለት ጎረቤት ነበር።

አንድ ቀን ሰው ሞቶ ለቅሶ ሄደና ሳያስበው አፉን ከፈተ። አራት ስንኝ ብቻ ነው ያለው፤ ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ ተንሰቀሰቀ። ወሬው ሦስት አገር አዳረሰ። ትናንት ጨዋታ አዋቂ ሲሉት የነበሩት ሁሉ ዛሬ «ገጣሚ!» አሉት።

በዚያ አገር ደንብ ሐዘንተኛ ከሉን በገዛ እጁ አያወልቅም። ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌዎች መጥተው፣ «በቃህ፤ የሞቱትን እግዜር ያስባቸዋል» ብለው ያስወልቁታል፣ ጠጉሩን ይላጩታል፣ ነጭ አልብሰው ከሰው ጋር ያበሉታል። ዓመቱ ሲሞላ ሽማግሌዎቹ ወደ ገበሬው ቤት መንገድ ጀመሩ። አንድ ባለጸጋ አገኛቸውና የት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው፤ ነገሩት።

«የአባቴ ተዝካር ደርሷል እኮ» አላቸው። «አሁን ከሉን ብታስወልቁት ያ ግጥም ይደርቅበታል። እባካችሁ፣ ከሉ ይቆይለት።»

ይቆይለት! ሰማህ? እንዲብላላ እንደተከደነ ጠላ! ሽማግሌ ተብዬዎቹስ ምን አሉ? የተዝካሩ ፍሪዳ ታያቸውና «እውነት ነው፣ ይቆይለት» ብለው ተመለሱ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው።

ገበሬው እኮ ይጠብቃቸው ነበር። ግቢውን ጠርጎ፣ መቀመጫ አዘጋጅቶ፣ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ዋለ። ማንም አልመጣም። «እንግዲህ እኔን በቃህ የሚለኝ ሰው የለም ማለት ነው» አለ በልቡ። ከዚያ ወዲህ ባሰበት። ማሳውን ዳዋ ዋጠው፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ጀመር። ሌላ ሰው እንዲህ ቢሆን ታመመ ይባልና ጸበል ይወሰዳል፣ ሐኪም ይፈለግለታል። እሱን ግን የሚያየው ሁሉ «ገጣሚ እንዲህ ነው» እያለ ያልፋል።

የተዝካሩ ቀን ደግፈው አምጥተው ዳሱ መሀል አቆሙት። እንዲህ አለ፦

«መንገዱን አውቃለሁ፣ ወንዙም አይርቀኝ፤
ዛሬ ማታ ሚስቴ ቆማ ትጠብቀኝ።»

«እሰይ!» አለ ዳሱ። «ወይ አንጀት መብላት! ድገመው! ድገመው!» ባለጸጋው ብርሌውን እንደያዘ እንባውን ይጠርጋል። ሰውየው ዛሬ ማታ ወንዝ እገባለሁ እያላቸው እኮ ነው! በግልጽ አማርኛ! እነሱ ቤት መምታቱን ይሰማሉ።

ከሴቶቹ መሀል ግን አንዲት አሮጊት ተነሡ። የሞተችው ሚስቱ እናት ናቸው፣ አማቱ። በዚያ አገር አማት ከልጇ ባል ፊት እንኳን ልትቆም፣ መንገድ ላይ ብታገኘው ፊቷን ሸፍና ነው የምታልፈው። እሳቸው ሰዉን እየገፉ መጡና ፊት ለፊቱ ቆመው ከሉን በሁለት እጃቸው ከላዩ ገፈፉት።

«ልጄን ውኃ በላት፣ የልጅ ልጄን በላት» አሉ። «ይኼን ደግሞ እናንተ ልትሰጡት ነው? ምኑን ነው የሚደግመው? ሞት ይደገማል? እናንተ የማታፍሩ!»

ነጠላቸውን አልብሰው፣ እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ሰዉ «አሮጊቷ ገጣሚያችንን አጠፋችብን» እያለ አጉረመረመ።

አማቱ ጸበልም አስጠመቁት፣ ሐኪም ዘንድም ወሰዱት፣ አልበላም ሲል ተቆጥተው አጎረሱት። ስለ ሟቾቹ አብረው ያወራሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ። አንዳንድ ቀን ተመልሶ ይጨልምበታል፤ እሳቸው ግን አይለዩትም። ሁለት ዓመት ፈጀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ግጥም አልወጣውም፤ እሳቸውም አልጠየቁት።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጤፍ ሲታረም፣ ጎንበስ እንዳለ እንዲህ አለ፦

«አረም ትቶ ጤፉን ነቀለው እያለች፣
ሚስቴ እስካሁን ድረስ ትስቅብኛለች።»

ደቦው በሳቅ ፈረሰ። አማቱ ሳቁም፣ አለቀሱም። ባለጸጋው ብቻ ራሱን ነቅንቆ «ያኛው ይሻል ነበር» አለ።

ገበሬው ቀና አለና «ያኛውማ ግጥም አልነበረም ጌታዬ፤ ድረሱልኝ ማለቴ ነበር» ብሎት ወደ አረሙ ተመለሰ።

እንግዲህ ልጄ፣ ይህ ገበሬ አንተ ነህ። ወንድምህ ከሞተ ወዲህ ቅኔህ ጠልቋል፤ አልክድህም። ሐዘን ለገጣሚ ምንም አይሰጥም ብዬም አልዋሽህም። ግን ገበሬው ከል ለብሶ በኖረበት ዘመን ስንት ገጠመ? ከአሥር አይበልጥም። ሌላውን ቀን ሁሉ ግድግዳ ሲያይ ነው የዋለው፤ ሐዘን የበላበትን ማን አነሣለት? ያስገጠመው ሚስቱን መውደዱ ነው፤ ፍቅሩን ደግሞ ማንም ከላዩ አልገፈፈውም።

ጓደኞችህ «አትጽናና፣ ቅኔህ ይነጥፋል» ይሉሃል አሉ። እነሱ ዳሱ ውስጥ የሚጮኹት ናቸው። ሽማግሌዎቹ እነማን እንደሆኑ ደግሞ ልንገርህ፤ እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ከወንድምህ መቃብር ጎን ቦታ ተዉልኝ ብለህ ስትቀኝ፣ ከሁሉ ቀድሜ «ይበል!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። የቅኔህን አካሄድ ሳደንቅ ያልከውን ሳልሰማ ቀረሁ። አፈርኩ፤ ይቅር በለኝ። አሁን ተነሥና ይህን ጥቁር አውልቅ፤ እናትህ ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ ከዚያም ሐኪም ዘንድ። ቅኔው ቢመለስ እሰየው፣ ባይመለስም ይቅር፤ አንተን ግን አልሰጥም።