ሳይፈቀድላት ያናፋችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ አህዮች ጭነት ከመልመዳቸው በፊት ትምህርት ቤት በሚገቡበት አገር፣ ቡሊት የምትባል አህያ ነበረች። መምህሯ ጉሬዛ ነበር። ጉሬዛ አርባ ውርንጭላ ብቻውን ስለሚያስተምር ሦስት ሕግ አወጣ፦ በሰዓት መምጣት፣ ከሰልፍ አለመውጣት፣ ቀኝ ጆሮን አቁሞ ሳያስፈቅዱ አለመናገር። ቡሊት አንዱንም ሕግ አፍርሳ አታውቅም። ስትመረቅ መምህሯ በሁሉም ፊት «እንደ ቡሊት ሁኑ» አለ።

ወዲያው ሥራ አገኘች። ከቆላ ጨው ጭነው ወደ ደጋ ከሚወጡ አህዮች ጋር ተቀጠረች። ፊት ፊት የምትመራቸው በቅሎ ስትሆን፣ ሁሉም «እትዬ» ይሏታል። ቡሊት አዲስ ስለሆነች ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከሽማግሌው ከአያ ዳልቻ ኋላ ቆመች።

በሁለተኛው ቀን ገደል ገደሉን ሲሄዱ፣ ቡሊት ቁጥቋጦ ውስጥ ያደፈጠ ጅብ አየች። አጠገቡ ቀበሮ ተቀምጣለች። ቡሊት ቀኝ ጆሮዋን አቆመች። እትዬ በቅሎ ግን የምታየው የፊቷን መንገድ ነበር። ቡሊት ጆሮዋን ይበልጥ ቀጥ አድርጋ ጠበቀች። ጅቡ ዘሎ የአያ ዳልቻን ታፋ ዘነጠለው። ሽማግሌው ሲጮኽ ሌሎቹ ዞሩ፣ ጅቡም ሸሸ።

ሾላ ጥላ ሥር ሲያርፉ እትዬ በቅሎ ቡሊትን ጠራቻት።

«ከኋላ የነበርሽው አንቺ ነሽ። አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ጆሮዬን አቁሜ ፈቃድዎን እየጠበቅኩ ነበር። እኔ ሳይፈቀድልኝ አልናገርም።»

አህዮቹ ሳቁባት። ተከትላቸው መጥታ ከድንጋይ ኋላ የተደበቀችው ቀበሮ ግን አልሳቀችም። የፈለገችውን ሰምታለችና የቀረውን ሳትሰማ ወደ ጅቡ ሮጠች።

እትዬ በቅሎ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ ዓይኔ ያለው ከፊቴ ነው፤ ጅራቴ አያይልኝም። የኋላውን የማየው በአንቺ ነው።»

«እንግዲያ የተማርኩት ሁሉ ከንቱ ነው?» አለች ቡሊት፣ እንባዋ እየመጣ።

«ማን አለሽ? ከሁሉ ቀድመሽ ለጭነት የምትቆሚው አንቺ ነሽ። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይም ከመስመር ስላልወጣሽ ነው ገደል ያልገባሽው። ዝምታው ግን ለክፍሉ ነበር። አርባው ውርንጭላ ባንዴ ቢያናፋ መምህርሽ ማንን ይሰማል? እዚህ ግን መንገድ ላይ ነን።»

ቡሊት ቀኑን ሙሉ ከአያ ዳልቻ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ከበዳት።

ቀበሮ በበኩሏ ጅቡን ትመክር ነበር። «አያ ጅቦ፣ የኋለኛዋ አህያ ሳይፈቀድላት አትናገርም። እንደ መምህር ኮስተር ብለህ ‹ዝም በይ› በላት። ከዚያ ሌላ ቃል እንዳትጨምር።»

ጅቡም «ዝም በይ፣ ዝም በይ» እያለ ሲለማመድ ዋለ።

በማግስቱ፣ ፊተኞቹ መታጠፊያውን አልፈው ሲሰወሩ፣ ጅቡ ከቡሊትና ከአያ ዳልቻ ፊት ድቅን አለ።

«ዝም በይ! ማን ፈቀደልሽ?»

የቡሊት እግር ተሳሰረ። አፏም እንደ ልማዷ ተከደነ። ጅቡ ይህን ሲያይ ደስታው አላስችል አለውና ምክሩን ረሳ።

«ጎሽ» አላት። «አሁን ይሄ የቆሰለው ሽማግሌ ከሰልፍ ይውጣና ወደ እኔ ይምጣ። አንቺ ደግሞ ተራሽን ጠብቂ።»

ቡሊት የአያ ዳልቻን ታፋ አየች። ቁስሉ ገና አልደረቀም። ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ባላት ኃይል ሁሉ አናፋች። ገደሉ አስተጋባ። እትዬ በቅሎ ከነጭነቷ ዞራ ደረሰችና የጅቡን መንጋጋ በእርግጫ አጮለችው። ጅቡ ጥርሱን እየተፋ ቁልቁል ተንከባለለ።

«ሌላ ቃል አትጨምር አላልኩህም?» አለች ከታች የምትጠብቀው ቀበሮ።

«ጎበዝ ተማሪ ይመሰገናል ብዬ ነው» አለ ጅቡ መንጋጋውን ይዞ።

ቡሊት ወደ ሽማግሌው ተጠጋች። «አያ ዳልቻ፣ ያን ዕለት እንዲህ ባደርግ ኖሮ አይቆስሉም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን» አለ አያ ዳልቻ፣ «ጥላዬን ባየሁ ቁጥር እየጮኽኩ ጓደኞቼን አስበርግጌ፣ ስንት ጭነት ጨው ወንዝ ውስጥ አስገብቻለሁ። መቼ ዝም እንደሚባል እስካውቅ ዓመት ፈጀብኝ። አንቺ መቼ እንደሚጮኽ በሁለት ቀን ዐወቅሽ።»

ደጋ ደርሰው ለመልሱ ጉዞ ሲሰለፉ እትዬ በቅሎ ቡሊትን ወደ ፊት፣ ከራሷ አጠገብ ልታሰልፋት ጠራቻት። አያ ዳልቻ ግን በቦታው እንደቆመ ቀረ።

«እሷ ከኋላዬ ከሌለች» አለ፣ «እኔ አልሄድም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ትምህርት ቤት ያወረሰን ሕግ በሥራ ላይ የሚጠቅመን ለምን እንደወጣ ስናውቅና መቼ እንደሚያዝ፣ መቼ እንደሚተው መለየት ስንችል መሆኑን ነው።