ሳቅ የተከለከለበት ሰኔ

አንድ ጭንቀታም ባላምባራስ ነበሩ። ሰኔ ገብቶ ዝናብ ቢዘገይ አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሦስት ቀን ምህላ ያዘ። በማግሥቱ ባላምባራሱ፣ «እስኪዘንብ ድረስ የሳቀ ሰው በሬው ይወረሳል!» ብለው አስነገሩ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግን ከጎረቤቷ ጋር ስትንከተከት ተያዘች። ያላትን አንድ በሬ ጎትተው ከእሷ ጋር አመጡት።

«አንቺ! እኔ እህል አልወርድ ብሎኝ ስጨነቅ ትስቂያለሽ?»

«ጌታዬ፣ ነገሩን ለእግዚአብሔር ሰጥተነው የለም እንዴ? እኔስ የምፈራው እርስዎን ነው።»

«ምኔን?»

«እንዲህ ሲጨነቁበት አይቶ፣ ‹ባላምባራስ ይዘውታል፣ እኔ ምን አገባኝ› ብሎ እንዳይተወው ነዋ!»

ባላምባራሱ ደንግጠው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። «ኧረ እግዚአብሔር ሆይ፣ እኔ የለሁበትም!» አሉና ወደ አሽከሮቻቸው ዞሩ። «ሳቁ እንጂ እናንተ! በሬዋንም ፍቱላት!»