የአለቃው ካፖርት

ቦርጩ ከእሱ ግማሽ ቀን ቀድሞ የሚደርስ አንድ የደንብ አስከባሪዎች አለቃ ነበር። በአንድ ብርዳማ ጠዋት ዳቦ ሸጣ የምታድር መበለት ቤት ዘው አለና አሮጌው የብረት ምድጃዋ አማረው። ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ እየሞቀ፣ «ስሚ አንቺ! ደንቡ ምድጃ አጠገብ የሚቀጣጠል ነገር እንዳይኖር ያዛል። ስለዚህ ምድጃው ተነቅሎ እኔ ቤት ይወሰዳል!» ብሎ ደነፋ።

መበለቲቱ መተዳደሪያዋ ሊነጠቅ መሆኑን ብታውቅም ረጋ ብላ ዙሪያዋን ቃኘች።

«ጌታዬ፣ ግድግዳዬ ድንጋይ፣ ወለሌ ድንጋይ፣ ጭስ ማውጫውም በቆርቆሮው አልፎ ሰማይ ይነካል። እዚህ ቤት የሚቀጣጠለው የእርስዎ ካፖርት ብቻ ነው፤ እሱም ከኋላ ጀምሯል። እንግዲህ ደንቡ እንዲከበር እርስዎ ይውጡልኝ። ውሃ እንዳይጠይቁኝ፤ የቀዳሁት ለሊጥ ነው።»