ጠጠር የቆጠረችው ጃርት

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ። ዛሬ ላም የለችበትም። ያለበት ጅብ ነው፤ የሠራው ሥራም እስካሁን ያንገበግበኛል።

በድሮ ጊዜ በአንድ ቆላ አገር ድርቅ ገባና አንዲት ምንጭ ብቻ ቀረች። አያ ጅቦ ምን አደረገ መሰላችሁ? ምንጯን በእሾህ አጠረና በሩ ላይ ሦስት ቅል ደረደረ። «መጠጣት የፈለገ በቀን አንድ ጠጠር ከቅል ያውጣ» አለ። «ነጭ ያወጣ ከነልጁ ይጠጣል። ጥቁር ያወጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።» የእግዜርን ውሃ እኮ ነው። ማን ሰጠው? ግን ጠያቂ አልነበረም።

እመት ጃርት አንድ ልጅ ነበራት። ልጇ ሦስት ቀን ውሃ አልቀመሰም፤ ዛሬ ካልጠጣ ነገን አያይም። ይዛው መጣችና ወደ ቅሎቹ ቀረበች።

ትልቁን ቅል «አንተ እንዴት ነህ?» አለችው።

«ሆዴ ሰፊ ነው፤ ስንት ጠጠር እንደያዝኩ እኔም አላውቅ» አላት። ትታው አለፈች።

መካከለኛውን «አንተስ?» አለችው።

«እኔን ገና ግማሽ ስደርስ እንደገና ይሞሉኛል» አላት። እሱንም ትታው አለፈች።

ትንሹን «አንተስ?» አለችው።

«እኔ አምስት ጥቁርና ሦስት ነጭ ይዣለሁ። ባዶ እስክሆን ድረስ የወጣ አይመለስብኝም፤ ደንቤ ይሄ ነው» አላት።

«እንግዲያው ካንተ ጋር ነኝ» አለችና አጠገቡ ቁጭ አለች። ሳትነካው ታይ ጀመር።

ከትንሹ ቅል ዝንጀሮ አወጣ፤ ጥቁር። ሚዳቋ አወጣች፤ ጥቁር። ከርከሮ አወጣ፤ ነጭ። ጥንቸል አወጣች፤ ጥቁር። ቀበሮ አወጣ፤ ጥቁር። አህያ አወጣ፤ እሱም ጥቁር። አህያ ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር ሲያወጣ ነው የሰነበተው።

ይሄኔ ጃርት ልጇን «ተነሥ፣ ልንጠጣ ነው» አለችው።

አያ ጅቦ ዘሎ መጣ። «ቆይ፣ ስትቆጥሪ ነበር እንዴ?»

«አዎ። ዓይን አለኝ፣ አየሁ። አእምሮ አለኝ፣ ያዝኩ።»

«መቁጠር ሌብነት ነው!» አለና የወጡትን ጠጠሮች ለቃቅሞ መልሶ ከተታቸው።

ትንሹ ቅል «ኧረ አያ ጅቦ፣ ደንቤ ይሄ አይደለም። በሆዴ የቀሩት ሁለቱም ነጭ ነበሩ» አለ።

«ዝም በል!»

ጃርት እሾኋ ሁሉ ቆመ። «አህያ ሳምንት ሙሉ ሲጠማ አንድ ቀን ጠጠሩን መልሰህለት ታውቃለህ? እኛ ስንረሳ ደንብ፣ ስናስታውስ ሌብነት?»

አህያ ከኋላ ሆኖ ይሰማ ነበር። ቀስ ብሎ መጣ። «እኔ እኮ ዕድለ ቢስ ነኝ ብዬ ነበር» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ስረግም ሰነበትኩ። ለካ የሚያሸንፍ ሲመጣ ጨዋታው ይፈርሳል።»

ከዚያ ዞረና አጥሩን በኋላ እግሮቹ መታው። ከርከሮ ተከተለ፣ ዝንጀሮም ተከተለ። አያ ጅቦ ግራ ቀኙን አየ፤ የሚረዳው አጣና እግሬ አውጪኝ አለ። ሁሉም ዞር ብለው ቆሙ፤ መጀመሪያ የጃርት ልጅ ጠጣ።

እና ልጆቼ፣ «ለምን አስታወስክ?» ብሎ የሚቆጣችሁ ካለ፣ ስለሰረቃችሁ አይደለም የሚቆጣው። ሲሰርቅ ስላያችሁት ነው። ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ እንዲህ ተናድጄ አይዋጥልኝም።