ትንሽ አሞታል

ልንገራችሁ ወይስ ልተወው? "ንገሪን" ካላችሁ ጠጋ በሉ፤ ጀርባውን ለገደሉ የሰጠ ግን ቦታ ይቀይር። እኔ አልነበርኩም፤ የነበሩት ናቸው የነገሩኝ። ትንሽ ብጨምርበት ይቅር በሉኝ።

ስሜን ተራራ ላይ፣ ከአንድ ገደል ጫፍ አጠገብ አንዲት የድንጋይ ቤት ነበረች። ውስጧ ዶክተር አንጓች የምትባል የእንስሳት ሐኪም ቆማለች። በእጇ ከስንደዶ የማይወፍር ቱቦ ይዛለች። በቱቦው ውስጥ የአንድ ዋልያ ዘር አለ። ዋልያው በዚያ ገደል የቀረ የመጨረሻ ወንድ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ "ሽማግሌው" ይለዋል። በዚያው ቀን ጎህ ሲቀድ ከድንጋይ ላይ ወድቆ ሞተ። ከቤቷ ጓሮ፣ አጥር ውስጥ፣ አንዲት እንስት ብቻ ቀርታለች። እሷም ገና ልጅ ናት፤ ለመውለድ ሁለት ዓመት ይቀራታል።

የአንጓች ምኞት ትንሽ ናት። ዘሩ በብርድ ይተኛ፣ እንስቷ እስክትደርስ ይቆይ፤ ሌላ አትፈልግም። ነገር ግን ጀምበር ከገባች ዘሩም እንደ አባቱ ይሞታል። ያን ጊዜ በዚያ ገደል የዋልያ ነገር አበቃ።

"ዘር ሆይ፣ ተኛ" አለችው።

"አልተኛም። ብርዱ አላቀፈኝም" አለ ከቱቦው ውስጥ።

ብርዱ ደግሞ ሩቅ ነው። ናይትሮጅን የሚባል ፈሳሽ ሆኖ ታንክ ውስጥ ተቀምጧል፤ ታንኩ ሞተር ሳይክል ላይ ታስሯል፤ ሞተሩ ላይ ሙጨ ተቀምጧል። ሙጨ የወረዳው አዳቃይ ነው፤ ላሟ ኮርማ ሳታይ ጥጃ የሚያስወልዳት። አንጓች ደወለችለትና ስልኩን ወደ ታንኩ እንዲያስጠጋ ነገረችው። የተማረች ሴት ከታንክ ጋር ስታወራ አስቡት!

"ብርድ ሆይ፣ ዘሩን እቀፍ።"

"አላቅፍም። አዳቃዩ አላመጣኝም" አለ። ድምፁ በስልኩ አልፎ ጆሮዋን አደነዘዘው።

ብርዱ አላቅፍ አለ፤ ዘሩ አልተኛ አለ፤ ጀምበር ግን ትሄዳለች።

"ሙጨ፣ በል ውጣ እንጂ!"

"አልወጣም ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጉሙ መንገዱን ዘጋው፤ የፊት ጎማዬን እንኳ አላየውም። ደግሞስ አያ ደርሶ ጠዋት ደውለው 'ሽማግሌውን ትንሽ አሞታል' ነው ያሉኝ። ለትንሽ ሕመም ማን ይሮጣል? ቁርሴን በልቼ፣ ሁለት ላሞች አይቼ ነው የተነሳሁት።"

አንጓች ወደ አያ ደርሶ ዞር አለች። አያ ደርሶ የፓርኩ ስካውት ናቸው፤ ሽማግሌውን ከግልገልነቱ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁ። ጥግ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል።

አዳቃዩ አልወጣ አለ፤ ብርዱ አላቅፍ አለ፤ ዘሩ አልተኛ አለ፤ ጀምበር ግን ትሄዳለች።

አንጓች ቱቦውን ብብቷ ስር አድርጋ ወጣች። ደጁ ነጭ ነው። የራሷን እግር አታይም።

"ጉም ሆይ፣ ተነሳ።"

"አልነሳም። ነፋሱ አልገፋኝም።"

"ነፋስ ሆይ፣ ጉሙን ግፋ።"

"አልነፍስም። እኔ የገደሉ ትንፋሽ ነኝ፤ ገደሉ አልተነፈሰም።"

እውነትም ምንም አይንቀሳቀስም። ሣሩ ዝም ብሏል። ሲያንባርቅ የሚውለው ጭላዳ ሁሉ የት እንደገባ አይታወቅም።

ነፋሱ አልነፍስ አለ፤ ጉሙ አልነሳ አለ፤ አዳቃዩ አልወጣ አለ፤ ብርዱ አላቅፍ አለ፤ ዘሩ አልተኛ አለ፤ ጀምበር ግን ትሄዳለች።

በእጇ እየዳበሰች ወደ ጫፉ ተጠጋች። እኔ ብሆን አልሄድም ነበር።

"ገደል ሆይ፣ ተንፍስ።"

"አልተነፍስም" አለ ገደሉ ከታች፣ ከሩቅ። "ጫፌ ላይ ሰኮና ቆሟል። ብተነፍስ ይወድቃል። ዛሬ ጠዋት አንዴ ወድቆብኛል፤ ይበቃኛል።"

አንጓች ቀና አለች። ከፊቷ ጉሙ ትንሽ ሳስቷል። ድንጋዩ ላይ ሽማግሌው ቆሟል፤ ወደ ኋላ የተቆለመሙ ቀንዶቹ፣ ግራጫ ጺሙ፣ ሁሉም እንዳለ። ከአፍንጫው ግን እንፋሎት አይወጣም።

እየተደናበረች ወደ ቤት ተመለሰችና ሬሳው የተሸፈነበትን ሸራ ገለጠች። ሬሳው አለ። ዘሩን አውጥታ በገዛ እጇ የሰፋችው ስፌትም አለ። ጠዋት የጨፈነችው ዓይኑ ግን ተከፍቷል። ፈራች። ሸራውን መልሳ ሸፍና እንደገና ወደ ጫፉ ወጣች። እዚያም አለ።

"ሽማግሌው ሆይ፣ እለፍ" አለችው በቀጭን ድምፅ።

"ወዴት ነው የማልፈው?" አለ። "ትንሽ አሞኛል እኮ። የታመመ እስኪድን ይጠብቃል። እኔም እየጠበቅኩ ነው።"

"አልታመምክም! ሞተሃል!"

አልሰማትም። ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። "አንቺ ከመጣሽ ሦስት ሳምንትሽ ነው። መርዶ የሚናገረው የቤት ሰው ነው" አለ።

ሽማግሌው አላልፍ አለ፤ ገደሉ አልተነፍስ አለ፤ ነፋሱ አልነፍስ አለ፤ ጉሙ አልነሳ አለ፤ አዳቃዩ አልወጣ አለ፤ ብርዱ አላቅፍ አለ፤ ዘሩ አልተኛ አለ፤ ጀምበር ግን ትሄዳለች።

እንግዲህ የኛን ነገር ታውቁታላችሁ። የሰው ሞት በድንገት አይነገርም። መጀመሪያ "ትንሽ አሞታል" ይባላል፤ ቀጥሎ "ጠናበት" ይባላል፤ ከዚያ ማልዶ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶው ይነገራል። ደግ ልማድ ነው። አያ ደርሶ ግን ለዋልያም አደረጉት። ለአዳቃዩ "ትንሽ አሞታል" አሉ፤ ለእንስቷ በአጥሩ በኩል "ትንሽ አሞታል" አሉ፤ ሸራውን ሲያለብሱትም ለራሱ፣ ጆሮው ስር፣ "ትንሽ አሞህ ነው" አሉት።

"አያ ደርሶ፣ ይነሱ። መርዶውን ይንገሩት" አለች አንጓች።

"አልናገርም። መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው።"

"እስከ ማለዳ ዘሩ ይሞታል! ያኔ የማንን መርዶ ሊነግሩ ነው? የሁሉንም?"

አያ ደርሶ አልዞሩም። "አባቴ የሞተ ጊዜ 'ትንሽ አሞታል' ብለው ላኩብኝ። ጎንደር ወርጄ መድኃኒት ገዛሁና ቀን ከሌት ሄድኩ። ስደርስ ተቀብሯል።"

"መድኃኒቱንስ?"

ከደረት ኪሳቸው አንዲት ቡናማ ጠርሙስ አወጡ። ክዳኗ አልተከፈተም። "ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ 'ሞተ' ካልኩ እውነት ይሆናል፣ ልጄ። ስለዚህ አልልም።"

አያ ደርሶ አልናገር አሉ፤ ሽማግሌው አላልፍ አለ፤ ገደሉ አልተነፍስ አለ፤ ነፋሱ አልነፍስ አለ፤ ጉሙ አልነሳ አለ፤ አዳቃዩ አልወጣ አለ፤ ብርዱ አላቅፍ አለ፤ ዘሩ አልተኛ አለ፤ ጀምበር ግን፣ ጀምበር ግን ልትገባ ነው።

አንጓች ሄዳ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠችና ቱቦውን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። "እንግዲያው እርስዎ ይያዙት" አለች። "እጅዎ ላይ ሲሞት እሱንም ትንሽ አሞታል ይበሉት።"

አያ ደርሶ ቱቦውን አዩት። ከዚያ መለሱላትና ተነሱ፤ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ወጡ። ጉሙ ውስጥ አልተደናበሩም፤ አሥራ አንድ ዓመት የሄዱበት መንገድ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቆባቸውን አወለቁ።

"ሽማግሌው" አሉ። "አላመመህም። ዋሽቼሃለሁ። ጠዋት ከዚህ ድንጋይ ወድቀህ ሞተሃል። አንገትህ ተሰበረ። እኔ ነኝ ያነሳሁህ።" ከዚያ ድምፃቸውን ለቀው አለቀሱ። ከአጥሩ ውስጥ እንስቷ አንዴ ጮኸች።

"እንዲህ በለኛ" አለ ሽማግሌው። "ልቤ ሲጠረጥር ነው የዋለው።"

ሽማግሌውም አለፈ። ገደሉ ተነፈሰ፤ ነፋሱ ነፈሰ፤ ጉሙ ተነሳ፤ ሙጨ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። ታንኩ ሲከፈት ብርዱ እንደ ነጭ ጭስ እየፈሰሰ ወጣና የሁሉንም ቁርጭምጭሚት ዳሰሰ። ዘሩንም አቀፈው።

"ስታነቁኝ" አለ ዘሩ፣ ድምፁ እየራቀ፣ "እንዳትዋሹኝ።"

ተኛም። ክዳኑ ሲገጠም ጀምበር ገባች። አንጓች ሸራውን ገለጥ አድርጋ ብታይ የሽማግሌው ዓይኖች ተከድነዋል።

በሦስተኛው ዓመት እንስቷ ወንድ ግልገል ወለደች። ገና እርጥብ ሳለ፣ ጡት ሳይዝ፣ አያ ደርሶ ተንበርክከው ጆሮው ስር ተጠጉ። "አባትህ ሞቷል" አሉት። ግልገሉ አንገቱን አዙሮ፣ ማንም ሳያሳየው፣ አባቱ የወደቀበትን ድንጋይ አየ። አየና ወደ እናቱ ጡት ሄደ።

ያን ዕለት አያ ደርሶ ጠርሙሷን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ገደሉ ወረወሯት። መሬት ስትደርስ ሊሰሙ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ቆሙ። እስካሁን አልተሰማም።

ተረቴን ብርድ ውስጥ አስተኝቻታለሁ። ቀስቃሽ ካለ ይቀስቅሳት፤ ስትነቃ ግን እውነቱን ይንገራት።