ከጦስኙ ሥር የተገኘው

አንድ ገበሬ ነበረ። ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም፣ ልጄ፤ እህትሽ ልጆቿን የምታሳድግበትን ምስጢር ለምን እንደደበቀችሽ ነው የጠየቅሽኝ። እመልስልሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን የዚህን ገበሬ ነገር ስሚ።

ሰውየው የሚኖረው ብርዱ አጥንት በሚሰብር ደጋ ላይ ነው። መሬቱ ጥሩ፣ ከብቱ ጥሩ፣ ሚስቱም ጥሩ ነበረች። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ያለው ከጎረቤቱ ዘንድ ነበር። ጎረቤቱ ከቤቱ ጀርባ ባለች ድንጋያማ ተረተር ላይ ጦስኝ ተክሏል። የጦስኝን ነገር ታውቂዋለሽ፤ አንዴ ከያዘ በየዓመቱ ያብባል። ክረምቱ ሲወጣ ያቺ ለምንም የማትረባ ተረተር ሐምራዊ ለብሳ ትታያለች፤ ሽታዋ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ገበያተኛው ቆም ብሎ ያሸታል፣ ባለቤቱን ይመርቃል፣ ለሻይ የምትሆን ጥቂት ለምኖ ይሄዳል። በዚህ ገበሬ ደጅ ግን ማንም ቆሞ አያውቅም።

ይህ ነገር አንጀቱን አሳረረው። አንድ ቀን ሚስቱ ሻይ በጦስኝ አፍልታ አቀረበችለትና ሲጠጣ ደስ አለው። ጦስኙን ከየት እንዳመጣችው ቢጠይቃት ከጎረቤት ነው አለችው። ብርጭቆውን አጋምሶ አስቀመጠው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይ የሚባል ነገር ተወ።

ኋላ ግን ምኞቱ ኩራቱን አሸነፈውና ሄዶ ለመነ። ጎረቤቱ ዕድሜው የገፋ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አንድ ዕቅፍ ከነሥሩ ገንጥሎ ሰጠው።

«ከድንጋይ መካከል ትከለው» አለው። «ፍግ አታድርግበት፣ ውኃም አታብዛበት። አበባው ሲረግፍ ጫፍ ጫፉን ቁረጥለት፤ ሥሩን ግን አትነካካው።»

ገበሬው አመስግኖ ወጣ። ገና አጥሩን ሳያልፍ ነገሩ ይከነክነው ጀመር። ፍግ የማይወድ ተክል ምን ዓይነት ተክል ነው? ውኃስ የሚጠላ? ይህ ሰውዬ በእኔ ደጅ ሰው እንዳይቆም ፈልጓል አለ በልቡ። ምን ያድርግ፤ እሱ ቢሆን እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ደግሞም አድርጎታል። ጎረቤቱ ለአገሩ አዲስ ሳለ ገብስ መቼ እንደሚዘራ ቢጠይቀው፣ ሆን ብሎ ሁለት ሳምንት አዘግይቶ ነግሮት፣ ውርጭ አዝመራውን ሲመታበት በሩ ላይ ቆሞ አይቷል።

ስለዚህ የተነገረውን ሁሉ ገልብጦ አደረገው። ከጓሮው ለም አፈር መርጦ ተከለ፣ ፍጉን ከመረበት፣ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣው። ጦስኙ ለምለም ሆነ፤ ሰውየውም ነቃሁብህ እያለ ብቻውን ሳቀ። ቅጠሉን አሽቶ ቢያሸት ግን ሣር ሣር አለው። ክረምቱ ሲገባ ሥሩ በሰበሰ፤ አንድም ቀን ሳያብብ ሞተ።

በመስከረም የጎረቤቱ ተረተር እንደ ወትሮው አበበ። ገበሬው አላስችል አለው። ሽማግሌው ቅዳሴ የሄደ መስሎት፣ በጠራራ ፀሐይ መቆፈሪያውን ይዞ አጥር ዘለለ። ከሥሩ የቀበረው ነገር አለ ብሎ ያበበውን ጦስኝ ነቅሎ ቆፈረ። ድንጋይ ወጣ። ሌላውን ነቀለ፤ አሁንም ድንጋይ። ተረተሩን አጋምሶ ቀና ሲል ሽማግሌው ከበላዩ ቆሟል።

አልጮኸበትም። «ከሥሩ ምን አገኘህ?» አለው።

«ድንጋይ።»

«እኔስ ምን ብዬህ ነበር?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ከተነቀሉት አንዱን አነሣና እንደገና ሰጠው። «እኔ ያኔ ስለ ገብሱ ስትነግረኝ አምኜህ ነበር» አለውና ወደ ቤቱ ገባ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያንን ገበሬ ማንም አልዋሸውም። እሱ ቢጠየቅ ይዋሽ ስለነበር ብቻ እውነቱን በጆሮው ሰምቶ በልቡ ሐሰት አደረገው። አንቺንም እህትሽ ምንም አልደበቀችሽም። ባለፈው ፋሲካ እኔ እየሰማሁ ልጆችሽን በሰው ፊት አታዋርጃቸው፣ ሲያጠፉ ለብቻቸው ጥሪያቸው ብላሻለች። ስትወጣ ግን ልጆቼ እንዲባልጉ ፈልጋ ነው አልሽኝ። በማግስቱም ታላቁን ልጅሽን ገበያ መሐል ስትሰድቢው ሰማሁ። በእህትሽ ቤት ሌላ ምስጢር ብትፈልጊ፣ ያበበውን ትነቅያለሽ እንጂ የምታገኚው ያንኑ የነገረችሽን ነው።

ገበሬው ሁለተኛ የተሰጠውን ጦስኝ የት እንደተከለው አልነገርኩሽም። እሱን እኔም የማውቀው፣ ነገ ልጅሽ ሲያጠፋ እንዴት እንደምትጠሪው ስሰማ ነው።